ፏፏቴና አደይ አበባ በአንድ ፎቶ፦ ከጎንደር ለሚነሳ ሰው

ጎንደር ዙሪያ ፏፏቴንና አደይ አበባን በአንድ ፎቶ ለማስገባት ያለው ጊዜ አጭር ነው። በነሐሴ ውሃው ሞልቷል፣ አበባው ግን ገና ነው። ውሃው ራሱም ከየማሳው አፈር ጠርጎ ስለሚወርድ ደፍርሷል። በኅዳር ደግሞ ሰማዩ ጥርት ይላል፣ ግን ትንንሾቹ ፏፏቴዎች ቀጥነው ገደሉ ላይ እርጥብ መስመር ብቻ ይተዋሉ፤ አደዩም ጠውልጓል። ስለዚህ የሚያዋጣው ከመስከረም አጋማሽ እስከ ጥቅምት አጋማሽ ያለው ነው። ውሃው ይጠራል፣ አበባው ሜዳውን ይሞላል፣ አረንጓዴው ገና አልደረቀም።

ጊዜውን ካገኛችሁ በኋላ ሌላ ችግር አለ። ውሃና አበባ ከካሜራ የሚፈልጉት ተቃራኒ ነገር ነው። ውሃው እንደ ባዘቶ ለስልሶ እንዲወጣ ሹተሩ (ለብርሃን የሚከፈተውና የሚዘጋው የካሜራው በር) ቀርፈፍ ማለት አለበት። አበባው ግን ነፋስ በነካው ቁጥር ይወዛወዛል፣ ስለዚህ ፈጣን ሹተር ይፈልጋል። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ይህን ጠብ ለማስታረቅ ነው ማለት ይቻላል።

መጀመሪያ ቀኑንና ሰዓቱን ምረጡ

ካሜራ ከመግዛት ቀን መምረጥ ይበልጣል። የምሬን ነው።

በመስከረም መጀመሪያ ዝናቡ ገና አልወጣም፣ ብዙ ጊዜም የሚመጣው ከሰዓት በኋላ ነው። ማታ ዘንቦ ያደረ ጠዋት ለዚህ ሥራ የተመቸ ነው፦ ውሃ አለ፣ ቅጠሉ ታጥቧል፣ ነፋሱ ገና አልተነሳም። ነፋሱ የሚነሳው ፀሐይዋ ምድሩን ስታሞቅ ስለሆነ ለአበባ ፎቶ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሰዓታት ወርቅ ናቸው።

በመስከረም ጎንደር ላይ ፀሐይ የምትወጣው ከጠዋቱ 12 ሰዓት ከ20 አካባቢ ነው። እዚህ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን ፀሐይዋ ቀጥ ብላ ነው የምትወጣው። በግማሽ ሰዓት ውስጥ 7 ዲግሪ ያህል ከፍ ትላለች። ስለዚህ ያ ለስለስ ያለ ወርቃማ ብርሃን ከግማሽ ሰዓት ብዙም አይዘልም። አውሮፓ ያሉ ፎቶ አንሺዎች በዩቲዩብ «አንድ ሰዓት ተኩል አላችሁ» ሲሉ የነሱን አገር ነው የሚያወሩት። እዚህ 12 ሰዓት ላይ ትራይፖዱ (ባለ ሦስት እግር የካሜራ መቆሚያው) ቆሞ መጠበቅ አለበት፤ 1 ሰዓት ላይ ቦታ የሚፈልግ ሰው ብርሃኑ አምልጦታል።

ደመናማ ቀን ከሆነስ? አትናደዱ። ለፏፏቴ ደመና ከፀሐይ ይሻላል። ፀሐይ ሲኖር የውሃው ነጭ ይቃጠላል፣ ጥላው ይጠቁራል፣ ካሜራው ሁለቱን ባንዴ መያዝ ያቅተዋል። ደመና ሲሆን ግን ብርሃኑ እኩል ይዳረሳል፣ ሸለቆ ውስጥ ቀኑን ሙሉ መሥራት ይቻላል። አንድ ነገር ብቻ አትርሱ፦ ደመናማ ሰማይ ፎቶ ላይ ባዶ ነጭ ወረቀት ነው የሚመስለው። ከፍሬሙ አስወጡት። ካሜራውን ወደ ታች ዘንበል አድርጉና ውሃውን፣ ድንጋዩን፣ አበባውን ብቻ ሙሉ።

ፏፏቴው ላይ ቀስተ ደመና ለምትፈልጉ ደግሞ ፀሐይዋ ከጀርባችሁ መሆን አለባት። ቀስተ ደመናው የሚታየው በራሳችሁ ጥላ ዙሪያ በ42 ዲግሪ ላይ ነው። ስለዚህ ፏፏቴው ፊት ለፊታችሁ፣ በእናንተው ከፍታ ላይ ከሆነ፣ ፀሐይዋ ከ42 ዲግሪ በላይ ከወጣች ቀስተ ደመናው ወደ ምድር ይገባል። በዚህ ወቅት እንደኛ አገር ሰዓት ይህ ማለት ከጠዋቱ 3 ሰዓት በፊት ወይም ከቀኑ 9 ሰዓት ተኩል በኋላ ነው። ከገደል አፋፍ ላይ ሆናችሁ ወደ ታች የምታዩ ከሆነ ግን ፀሐይዋ ከፍ ብላም ይታያል።

ቦታ

ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው «የት ልሂድ» ነው። እኔ የምለው፦ ትልቁን ፏፏቴ ለመጨረሻ አቆዩት። ከመንገድ ዳር፣ ከሰው ቁመት እምብዛም የማይበልጥ፣ ስም እንኳ የሌለው ፏፏቴ ለአበባና ለውሃ ፎቶ ከጢስ ዓባይ ይሻላል። ምክንያቱም አጠገቡ ትደርሳላችሁ። አበባውን ከሌንሱ ፊት፣ ውሃውን ከኋላ ማድረግ የሚቻለው በእንደዚህ ዓይነት ቦታ ነው።

ከጎንደር በደባርቅ መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል እንደሄዳችሁ ኮሶዬ ትደርሳላችሁ። እዚያ ገደሉ ድንገት ይከፈትና ቆላው ከሥር ይዘረጋል። በመስከረም ያ መንገድ ግራና ቀኙ ቢጫ ነው። ከዚያ ወዲያ በአምባ ጊዮርጊስና በዳባት በኩል ስትቀጥሉ ድልድዮቹን እያያችሁ ሂዱ። ከድልድይ በላይና በታች ትንሽ ብትራመዱ ውሃው የሚዘልበት ደረጃ አይጠፋም። ቢጫ ያየ ሁሉ ደግሞ አደይ አይደለም። ኑግ የተዘራበት ማሳም፣ በየወሰኑ የሚበቅለው መጭም በዚሁ ሰሞን ቢጫ ነው። ለፎቶ ሁሉም ያምራል፣ ኑጉ ግን የሰው እህል መሆኑን አትርሱ።

ቦታ የሚያውቀው ጉግል ሳይሆን እረኛ ነው። «ወንድማለም፣ ውሃ የሚወርድበት ገደል እዚህ አካባቢ አለ?» ብላችሁ ብትጠይቁ አቋራጩን ሁሉ ያሳያችኋል። ምናልባትም ሦስት አራት ሆነው ይከተሏችኋል፤ ያው ፍሬሙ ውስጥ እንዳይገቡ መለመን ሌላ ሥራ ነው።

ደባርቅ ከጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት እዚያ ነው። የመግቢያ ክፍያውንም ስካውቱንም (አብሯችሁ የሚሄደውን የፓርኩን ጠባቂ) እዚያው ጨርሳችሁ ነው የምትገቡት። ፓርኩ ውስጥ ከሳንቃበር ወደ ግጭ በሚወስደው በኩል የጂንባር ፏፏቴ አለ፣ ከ500 ሜትር በላይ ወርዶ ገደሉ ውስጥ የሚጠፋ። እዚያ ሰፊ ሌንስ አውጥቶ ማንሳት የተለመደ ስህተት ነው። ፏፏቴው ከሸለቆው ማዶ ስለሆነ በሰፊ ሌንስ ነጭ ክር መስሎ ይቀራል። ሩቁን የሚያቀርበውን፣ 70–200 የሚባለውን ዓይነት ረጅም ሌንስ ውሰዱ። አበባ ከፊት ለማስገባት ከፈለጋችሁ ደግሞ ከአፋፉ ራቅ ብላችሁ፣ ከሣሩ መሀል፣ በረጅሙ ሌንስ አሳልፋችሁ አንሱት። አበባው ደብዘዝ ያለ ቢጫ መጋረጃ ይሆናል፣ ፏፏቴው ከኋላው ይቆማል። ቀኑ ሲገፋ ጉም ከቆላው ስለሚነሳ ጠዋቱን አታባክኑ።

እዚያ ከፍታ ላይ አደይ ብቻ አይደለም ያለው። ጦስኙ መሬት ለመሬት ሐምራዊ ሮዝ ያብባል፣ አስታው ዛፍ አህሎ ሽበታም ጺም የመሰለ ነገር ከቅርንጫፉ ይንጠለጠልበታል፣ ጅብራው ብቻውን ይቆማል። ጅብራ በሕይወቱ አንድ ጊዜ አብቦ ይሞታል፤ አበባውን ያወጣ ካገኛችሁ ጊዜ ስጡት።

ጢስ ዓባይ ለመሄድ ከጎንደር ባሕር ዳር 180 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከዚያ ሌላ 30 ኪሎ ሜትር ይጠብቃችኋል። ውሃው ለመብራት ኃይል ስለሚጠለፍ በበጋ የሚያሳፍር ይሆናል፤ በክረምቱ ማብቂያ ግን ገደሉን ሞልቶ ይወርዳል። እዚያ ረጅም ኤክስፖዠር (ሹተሩን ረዘም ላለ ጊዜ ከፍቶ ማንሳት) አትጠቀሙ። ብዙ ውሃ ባለበት ሁለት ሰከንድ ብትከፍቱ ቅርጽ የሌለው ነጭ ግድግዳ ነው የሚወጣው። ከ1/15 እስከ 1/125 ሰከንድ ባለው ውስጥ ሞክሩ፣ የውሃው ጡንቻ ይታያል።

የትኛውም አቅጣጫ ብትሄዱ የመንገዱን ሰላም በዚያው ሰሞን ከተመላለሰ ሾፌር ጠይቃችሁ ተነሱ። የዛሬ ዓመት የሰማችሁት ዛሬ አይሠራም።

ምን ልያዝ?

ብዙ አይደለም። እንደ ጂንባር ላለ ሩቅ ፏፏቴ ካልሆነ በቀር ከካሜራው ጋር የሚመጣው 18–55 ሌንስ ይበቃል። የግድ የሚያስፈልገው ትራይፖድ ነው። ገንዘብ ካላችሁ ሌንስ ከመቀየር በፊት ጠንካራ ትራይፖድና ፖላራይዘር ፊልተር (ነጸብራቅ የሚያነሳ የሌንስ መስታወት) ግዙ። ኤንዲ ፊልተር (ብርሃን የሚቀንስ ጠቆር ያለ መስታወት) ሦስተኛ ነው።

ከዚያ ደግሞ የቤት ዕቃ፦ ሁለት ሦስት የጥጥ ጨርቅ ሌንስ መጥረጊያ፣ ትልቅ ፌስታል፣ ጃንጥላ፣ ነጭ ነጠላ፣ ጋቢ። ነጠላውና ጋቢው ለብርድ ብቻ አይደሉም፣ ከታች እመጣበታለሁ። ቦቲ ጫማ ካላችሁ አድርጉ፤ ጥቁር አፈሩ ሲረጥብ ስኒከር ይዞ ይቀራል።

ውሃውን ማንሳት

ካሜራውን ማኑዋል (ሁሉንም ራሳችሁ የምታስተካክሉበት) ላይ አድርጉ። አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 100። አፐርቸር (የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት፤ ቁጥሩ ሲጨምር ቀዳዳው ይጠባል) ከኤፍ 8 እስከ ኤፍ 11። ከኤፍ 16 በላይ አትሂዱ፤ ሹተሩ ይረዝማል ብላችሁ ኤፍ 22 ላይ ብታደርጉት ምስሉ ሁሉ ይፈዛል።

ደመናማ ቀን፣ ሸለቆ ውስጥ፣ በዚህ ቅንብር ካሜራው የሚሰጣችሁ ሹተር ስፒድ 1/8 ሰከንድ አካባቢ ነው። ይህ መነሻችሁ ነው። ፖላራይዘሩን ስታስገቡ አንድ ወይም ሁለት ስቶፕ ብርሃን (አንድ ስቶፕ ማለት በግማሽ መቀነስ ነው) ስለሚበላ 1/4 ወይም ግማሽ ሰከንድ ትደርሳላችሁ። ለትንሽ ፏፏቴ ብዙ ጊዜ የሚያስፈልገው ይኸው ነው፤ ኤንዲ ሳይገዛ። ከዚያም በላይ ፖላራይዘሩ ከእርጥብ ድንጋይና ከቅጠል ላይ ነጸብራቁን ያነሳል፣ አረንጓዴው ይወፍራል፣ ድንጋዩ ጥቁርነቱን ያገኛል። ቀለበቱን እያያችሁ አዙሩት፣ ነጸብራቁ የሚጠፋበት ላይ አቁሙ። ይህን ነገር በኋላ በኮምፒውተር መሥራት አይቻልም። ቀስተ ደመና እያነሳችሁ ከሆነ ግን ተጠንቀቁ፣ ፖላራይዘሩ ያለ ቦታው ከዞረ ቀስተ ደመናውንም ያጠፋዋል።

ፀሐይ ካለ በተመሳሳይ ቅንብር 1/200 ሰከንድ ያህል ነው የሚመጣው። እዚህ ላይ ነው ኤንዲ የሚጠቅመው። ባለ 6 ስቶፕ ኤንዲ ብርሃኑን በ64 ስለሚቀንሰው 1/200 የነበረው አንድ ሦስተኛ ሰከንድ ይሆናል። ባለ 10 ስቶፕ ለፏፏቴ ይበዛል፤ እሱ ለሐይቅና ለደመና ነው። ጣና ላይ ጎርጎራ ስትሄዱ አውጡት።

ስንት ሰከንድ ይሻላል ለሚለው አንድ መልስ የለም። ውሃው በፈጠነ ቁጥር ሹተሩ ያጥራል። እኔ የምወደው ከ1/4 እስከ 1 ሰከንድ ያለውን ነው፤ ውሃው ይለሰልሳል፣ ግን መስመሮቹ አይጠፉም። 10 ሰከንድ የተከፈተ ፏፏቴ ለእኔ ጭስ ነው። የናንተን ምርጫ ለማወቅ ጉዞ አያስፈልግም። አመሻሽ ላይ ግቢያችሁ ያለውን ቧንቧ ክፈቱና ባልዲ ላይ እየፈሰሰ በ1/500፣ በ1/60፣ በ1/4፣ በ2 ሰከንድ አንሱት። ልዩነቱን እዚያው ታያላችሁ፣ እጃችሁም በጨለማ ቁልፉን ማግኘት ይለምዳል።

ትራይፖዱን ስታቆሙ የመሀል ዘንጉን አትዘርጉ። ቦርሳችሁን ከሥሩ አንጠልጥሉ። ውሃ ውስጥ ካቆማችሁት እግሮቹን ድንጋይ ላይ አስደግፉ፣ የወንዙ ግፊት ያንቀጠቅጠዋልና። ሌንሱ ላይ ያለውን የንዝረት መከላከያ አጥፉት። ቁልፉን በእጅ ከመጫን የ2 ሰከንድ ታይመር ተጠቀሙ።

ነጩ ውሃ እንዳይቃጠል ኤክስፖዠሩን ከመለኪያው ትንሽ ዝቅ አድርጉ፣ ሁለት ሦስተኛ ወይም አንድ ስቶፕ። ጥላ በኋላ ይነሳል፣ የተቃጠለ ነጭ ግን አይመለስም። ካሜራችሁ ሮው ፋይል (ያልተነካ ጥሬ ምስል) ካለው በሮው አንሱ። ሸለቆ ውስጥ ምስሉ ወደ ሰማያዊ ስለሚያደላ ኋይት ባላንሱን (የብርሃኑን ቀለም ማስተካከያ) ደመናማ የሚለው ላይ አድርጉት።

የውሃ ብናኝ ሌንሱ ላይ ያርፋል። የግድ ነው። ሌንሱን እስከ መጨረሻዋ ደቂቃ በጨርቅ ሸፍኑ፣ ግለጡ፣ አንሱ፣ ሸፍኑ። በየሦስት አራት ፎቶው ሌንሱን እዩት። በስክሪኑ ላይ አይታይም፣ ቤት ስትገቡ ነው ጉዱ የሚወጣው።

አበባውን ማንሳት

ዝቅ በሉ። ከዚያም ደግሞ ዝቅ በሉ። ቆሞ የተነሳ አደይ ቢጫ ነጠብጣብ ነው። በጉልበት ተንበርክኮ፣ ሌንሱን አበባው ትክክል አድርጎ የተነሳ አደይ ግን መልክ አለው። የተቀመጣችሁበትን እዩ፤ አንድ ዘለላ ለማንሳት ሃያ ዘለላ መርገጥ ነውር ነው፣ ከኋላችሁ የሚመጣም ሰው አለ።

ሹተሩ ከ1/250 ሰከንድ ባያንስ ጥሩ ነው። አይኤስኦውን 400 ወይም 800 ብታደርጉት ምንም አይሆንም። ነፋሱ አያርፍም ማለት አይደለም፣ እየቆየ ጸጥ ይላል። ጣታችሁን ቁልፉ ላይ አድርጋችሁ ጠብቁት። አብሯችሁ ሰው ካለ ጋቢውን ዘርግቶ ነፋሱ ከሚመጣበት በኩል ይቁምላችሁ። ለአንድ ዘለላ አበባ በቂ ከለላ ነው። ፀሐዩ ካስቸገረ ደግሞ ነጠላውን ከአበባው በላይ ወጥር አድርጎ ይያዘው። ብርሃኑ በስሱ ጨርቅ ተጣርቶ ይወርዳል፣ ጥላው ይለሰልሳል። በውድ የሚሸጠው የስቱዲዮ ዕቃም ከዚህ የተለየ ሥራ አይሠራም።

ቢጫ ቀለም አታላይ ነው። የካሜራው አጠቃላይ ሂስቶግራም (የብርሃኑን መጠን የሚያሳየው ግራፍ) ደህና ቢመስልም ቀዩ ቻናል ብቻውን ሊቃጠል ይችላል፣ ያኔ አበባው ዝርዝር የሌለው ቢጫ ክብ ሆኖ ይቀራል። ሦስቱን ቀለማት ለየብቻ የሚያሳየውን ሂስቶግራም አብሩ። ከሌለ ኤክስፖዠሩን ትንሽ ቀንሱ።

ከጀርባ የሚመጣ የጠዋት ፀሐይ ለአደይ ይስማማል። ቅጠሉ ስስ ስለሆነ ብርሃኑ አልፎት ከውስጥ የበራ ይመስላል። ጤዛ ካለማ በቃ። በተረፈ በመንገድ ዳር ያለው አበባ ለዘመን መለወጫና ለደመራ እየተቀጠፈ ስለሚሳሳ ከመስቀል በኋላ የምትወጡ ከመንገዱ ገባ በሉ።

ሁለቱን አንድ ላይ

አሁን ዋናው ነገር። አበባው ከፊት፣ ፏፏቴው ከኋላ፣ ሁለቱም ጥርት ያሉ፣ ውሃው ለስላሳ፣ አበባው ያልተወዛወዘ።

ነፋስ ጭራሽ ከሌለ ቀላል ነው። ሰፊ ሌንስ፣ ኤፍ 11፣ ካሜራው ከአበባው ግማሽ ሜትር ያህል ርቀት ላይ፣ ፎከሱን ከአበባው ትንሽ ወዲያ አድርጋችሁ በግማሽ ሰከንድ ማንሳት። ግን ፏፏቴ አጠገብ ነፋስ የሌለበት ቀን ብርቅ ነው። የሚወርደው ውሃ ራሱ አየር እየገፋ ነፋስ ይሠራል።

ስለዚህ ሁለት ጊዜ ነው የሚነሳው። ትራይፖዱ አይነቃነቅ። መጀመሪያ ለአበባው፦ ፎከሱን አበባው ላይ አድርጉ፣ ኤፍ 11፣ አይኤስኦ 1600፣ ሹተር 1/125። ጸጥ ያለበትን ቅጽበት ጠብቃችሁ አምስት ስድስት ጊዜ አንሱ፣ አንዱ ይሳካል። ቀጥሎ ለውሃው፦ ፎከሱን ፏፏቴው ላይ፣ አይኤስኦውን ወደ 100 መልሱ፣ ሹተሩን 1/8 አድርጉ። የበለጠ እንዲለሰልስ ከፈለጋችሁ ፖላራይዘሩን ያኔ ነው የምታስገቡት፤ በአበባው ጊዜ ካስገባችሁት ብርሃን ይጎድላችኋል። ስታስገቡት ካሜራውን እንዳትነኩት ተጠንቀቁ። በኋላ ሁለቱን ምስሎች በፎቶሾፕ ወይም ምስል በምስል ላይ በሚደርብ ሌላ አፕ የአበባውን በውሃው ላይ አድርጋችሁ፣ ከላይኛው ምስል ፏፏቴው ያለበትን ክፍል ትጠርጉታላችሁ። በዚህ አንድ ጊዜ ሁለት ችግር ይፈታል፦ የሹተሩም የፎከሱም።

«ይህ ማጭበርበር አይደለም ወይ?» የሚል አለ። ሁለቱም ምስል እዚያው ቦታ፣ በዚያው ደቂቃ የተነሳ ነው። ለእኔ ማጭበርበር የሚሆነው ከዳባት ያነሱትን አበባ ጢስ ዓባይ ላይ መለጠፍ ነው። እሱንም የሚያደርግ አይጠፋም።

ቦታ ስታመቻቹ ፏፏቴውን ከመሀል ትንሽ ገፋ አድርጉትና አበባውን በተቃራኒው በኩል ከታች አስገቡ። ጅረቱ ከፏፏቴው ወደ እናንተ የሚመጣ ከሆነ ዓይን ተከትሎት ይገባል። ትልቅ ቦታ ላይ ሰው ጨምሩ። ጂንባር ላይ አፋፉ ዳር ራቅ ብሎ የቆመ ሰው ከሌለ ያ ገደል 50 ሜትር ይሁን 500 ሜትር ተመልካቹ አያውቅም።

በስልክ ብቻ ከሆነ

ይቻላል። የአብዛኛው ስልክ አፐርቸር ስለማይቀየር ብርሃኑን የምትቀንሱት በሰዓት ነው፦ ጎህ ሲቀድ ወይም ሲመሽ ሂዱ። ሳምሰንግና ሌሎችም ብዙ አንድሮይድ ስልኮች ፕሮ የሚል ሞድ አላቸው፣ አይኤስኦውን ዝቅተኛው ላይ፣ ሹተሩን 1/4 አካባቢ አድርጉ። አይፎን ከሆነ ላይቭ ፎቶ አብርታችሁ ሦስት ሰከንድ ሳትነቃነቁ አንሱ፣ ከዚያ ፎቶው ላይ ገብታችሁ ረጅም ኤክስፖዠር የሚለውን ምረጡ። ስልኩን ድንጋይ ላይ አስደግፉት ወይም በትንሽ ትራይፖድ አስሩት፣ ታይመር አትርሱ። ቀን ላይ ከሆነና ብርሃኑ ከበዛ የፀሐይ መነጽር መስታወት ሌንሱ ላይ አስጠግታችሁ ሞክሩ። ፖላራይዝድ የሆነው ነጸብራቅም ይቀንሳል። የሚያስቅ ይመስላል፣ ይሠራል።

ለአበባው ደግሞ ስልክ ከካሜራ ይበልጣል፤ ሣር ውስጥ ገልብጣችሁ ሌንሱን መሬት ማስነካት ትችላላችሁ።

ራሳችሁም እንዳትጎዱ፣ ሌላውንም እንዳትጎዱ

ውሃው ድንገት ከደፈረሰ፣ ቅጠልና ጭራሮ ማምጣት ከጀመረ፣ እናንተ ያላችሁበት ፀሐይ ቢሆንም ላይ ዘንቧል ማለት ነው። ዕቃ ለመሰብሰብ አትዘግዩ፣ ውጡ። አልጌ የያዘ ድንጋይ ላይ አትቁሙ። ከፏፏቴው አናት በኩል ለማንሳት ወደ ጠርዙ መጠጋት ምንም ፎቶ አያዋጣውም። በሰሜን ተራሮች ያለው ሣር ጠርዙን ይሸፍነዋል፣ ስካውቱ «በቃ» ካለ በቃ ነው።

ማሳ ውስጥ አትግቡ። ገብሱም ጤፉም በዚህ ሰሞን አልታጨደም። በወሰኑ በኩል ሂዱ፣ ባለቤቱን ካያችሁ ሰላም በሉ። «እንዴት አደሩ አባባ፣ አበባውን ፎቶ ላነሳ ነበር፣ ይፈቀድልኛል?» ማለት ምንም አያስከፍልም፤ እንዲያውም እምቢ ከማለት ይልቅ ቤት ገብታችሁ ቡና ጠጡ የሚሏችሁ ናቸው የሚበዙት። ያኔ የጠዋቱ ብርሃን ሄደ ማለት ነው፣ እሱን ከወዲሁ እወቁት።

ውሃው ጠበል ከሆነ መጀመሪያ አገልጋዮቹን ጠይቁ። የሚጠመቅ ሰው ባለበት ካሜራ አይወጣም፣ በሩቅ ሌንስም ቢሆን። ድሮን ያለ ፈቃድ አታብሩ፣ ፓርኩ ውስጥም ውጪም። ጭላዳ ቢመጣላችሁ አንሱት፣ ግን ዳቦ አታሳዩት።

ቤት ስትገቡ

ከብርድ ወደ ሞቀ ክፍል ስትገቡ ካሜራውን ወዲያው አታውጡት፣ ሌንሱ ውስጡ ላብ ይይዛል። ፌስታል ውስጥ እንደታሰረ ክፍሉን እስኪለምድ ተዉት። ከዚያ ባትሪውንና ካርዱን አውጥታችሁ ከፍታችሁ አናፍሱት። የትራይፖዱን መጋጠሚያ በንጹህ ውሃ እጠቡ፣ ጭቃው ደርቆ አሸዋ ከሆነ ይበላዋል።

ስታስተካክሉ፣ ላይትሩምም ይሁን ስናፕሲድ፣ መጀመሪያ ነጩን ዝቅ አድርጉ፣ ጥላውን ጥቂት አንሱ። የቀለም ማድመቂያውን አትንኩት ማለት ይቀለኛል። አደይ በራሱ ይበቃል፤ ከጨመራችሁበት ብርቱካን ይሆናል፣ ሣሩም ፕላስቲክ ይመስላል። ቢጫው ፈዘዘ ካላችሁ ከማድመቅ ይልቅ የቢጫውን ብርሃን ትንሽ አጨልሙት።

በቴሌግራም ስትልኩ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩት። እንደ ፎቶ ከላካችሁት ይጨምቀዋል፣ መጀመሪያ የሚጎዳው ደግሞ ያ የለፋችሁበት የውሃው መስመር ነው።